ብቻዬን ኼድኹ ስለሚል መንገደኛ መጽሐፍ

በዚኽ ዘመን በአውሮፓ ሰዎች ዘንድ አንድ ዐይነት መጽሐፍ እጅግ በዝቷል። ይኸውም አንድ ሰው በሞተር ቢስክሌት ላይ ይቀመጥና ድንኳኑንና ስንቁን ከኋላው አስሮ፥ ባልንጀራም ሳያስከትል፥ ከስዊድን ወደ ኖርዌይ፥ ከኖርዌይም ወደ ሰሜን ዳርቻ ይጓዛል። የጥዱ ዱር ያልቃል፤ ከዱሩም በኋላ ዛፍ የማይበቅልበት ምድር ይመጣል፤ በመጨረሻው ኖርድካፕ ከሚሉት ገደል ይደርሳል። ያ ስፍራ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን በ71 ዲግሪ የሚገኝ ነው፥ ከዚያ ወዲያ ያለው ባሕር ነው። መንገደኛውም ዝናሙንና ብርዱን፥ በጐዳናው ላይ የሚቆመውን የሰሜን አጋዘን፥ የሌሊቱን ብርሃንና የገዛ ብቸኝነቱን ይጽፋል፤ ያሳትማልም። የውጭ ቋንቋ የተማሩ የሐረር ጐልማሶችም እንዲኽ ያለውን ጽሑፍ ቢያነቡ አይነቀፍም። ዳሩ ግን የሚነበብ ነገር ኹሉ መመርመር ይገባዋልና፥ የዚኽ ዐይነት መጽሐፍ ትውልዱ ከወዴት እንደ ኾነ፥ መልካሙም ከመናኛው በምን እንደሚለይ መመልከት ያስፈልጋል። በዚኽም ምርመራ የሐረር ከተማ ራስዋ ምስክር ኾና ትጠራለች፤ ከእንደዚኽ ያሉት መጻሕፍት ስሙ በዓለም የታወቀው አንዱ የተጻፈው በርስዋ ላይ ነውና።

አስቀድሞ ስለ ሰሜኑ ብርሃን ጥቂት ቃል ይነገር። በኖርድካፕ ከግንቦት መዠመሪያ ሳምንት እስከ ሐምሌ 20 ቀን ገደማ ፀሐይ አትጠልቅም። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ይኽን ሲሰማ የሄኖክን መጽሐፍ ማሰቡ አይቀርም። ሄኖክ ለፀሐይ በምሥራቅ ስድስት፥ በምዕራብም ስድስት ደጆች እንዳሏት፥ ቀኑም እጅግ በረዘመ ጊዜ ከ18ቱ ክፍል 12ቱን ለራሱ ወስዶ ለሌሊቱ 6 ክፍል ብቻ እንዲተርፈው ይናገራል። እንግዲኽ ሌሊት ጨርሶ የማይመጣበትን አገር በዐይኑ ያየ ሰው፥ ይኽች ፀሐይ በየትኛው ደጅ ገብታ በየትኛው ትወጣለች ብሎ እንዴት አይጠይቅ? ከሞተር ቢስክሌተኞቹ መጻሕፍት ግን እንዲኽ ያለ ጥያቄ የሚገኘው በጥቂቱ ነው። ብዙዎቹ እንቅልፍ አጣኹ ይላሉ፥ ፎቶግራፍ አነሣኹ ይላሉ፥ ያልፋሉ። ሰው እስከ ምድር ጫፍ ደርሶ ከእንቅልፍ ማጣቱ በቀር የሚጽፈው ካጣ፥ እዚያ ድረስ መድከሙ ስለ ምን ነበር?

ወደዚያው ዳርቻ ብቻቸውን ኼደው ከጻፉት ሰዎች አስቀድሞ የሚጠቀሰው ካህን ነው። ፍራንቼስኮ ኔግሪ የሚባል የራቨና ቄስ በ1663 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ወደ ሰሜን ጕዞ ዠምሮ በ1664 ኖርድካፕ ደረሰ። መጽሐፉም የታተመው ከሞተ በኋላ በ1700 ነው። ኔግሪ በዚያ ብርድ ውስጥ ሰው እንዴት ይኖራል የሚል ጥያቄ ይዞ የኼደ ሰው ነው። የሳሚ ሰዎች በእግራቸው ረዥም ሳንቃ አስረው በበረዶው ላይ እንዴት እንደሚንሸራተቱ በትጋት ይገልጻል። ከርሱም በኋላ በ1732 ሊኔ የተባለው የስዊድን የዕፀዋት ሊቅ ከኡፕሳላ ብቻውን በፈረስ ተነሥቶ ላፕላንድን ዞረ፤ ዕፁንና ቅጠሉን፥ የሳሚንም ሰዎች መብልና ልብስ ዕለት ዕለት መዘገበ። የነዚኽ ሰዎች ዐይን ከራሳቸው ይልቅ በፊታቸው ባለው ነገር ላይ ያርፋል። ስለ ሰሜኑ ይኽ ይበቃል።

የሐረሩ መጽሐፍ ሌላ ነው። ሪቻርድ በርተን የሚባለው እንግሊዛዊ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መኰንን በኅዳር ወር 1847 ዓመተ ምሕረት ከዘይላ ተነሣ፤ ይኸውም እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1854 ኖቬምበር 27 ቀን ነው። 37 ቀን ከተጓዘ በኋላ ታኅሣሥ 26 ቀን ወደ ሐረር ገባ፥ ዐሥር ቀንም ተቀምጦ ጥር 6 ቀን ወጣ። የጻፈውም መጽሐፍ በ1856 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በሎንዶን ታተመ። ቀኖቹን አስተካክሎ ለሚቈጥር አንባቢ አንድ ነገር ይገለጥለታል። በርተን የገባው የነቢያት ጾም ሊፈታ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው፥ የወጣውም በግዝረት በዓል ነው። በዚያው ዓመት የካቲት ወር ዐፄ ቴዎድሮስ በደረስጌ ማርያም ነገሡ። በርተን የሐረርን ግንብ ከኋላው ትቶ ሲወጣ ከግንቡ በስተ ሰሜን ያለው አገር ዘመኑን ሊለውጥ ጥቂት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። እንዲኽ ያለው የዘመን መገጣጠም በመጽሐፉ ውስጥ አይገኝም፤ መንገደኛ የሚያየው ከእግሩ ሥር ያለውን ነውና ስለዚኽ አይወቀስም።

የሚወቀሰው ስለ ሌላ ነው። ከዘይላ ሲነሣ የዐረብ ነጋዴ መስሎ፥ ስሙንም ሐጂ ሚርዛ አብዱላህ ብሎ ነበር። ወደ ሐረር በቀረበ ጊዜ ግን የመንገዱ ሰዎች የፊቱን መልክ አይተው ቱርክ ነው ማለት ዠመሩ፤ ቱርክም በዚያን ጊዜ ከፈረንጅ ይልቅ የሚጠላ ነበር። ስለዚኽ በርተን አሳቡን ለወጠና እንግሊዛዊ ነኝ ብሎ ለመግባት ቈረጠ። ደብዳቤ ያስፈልገው ስለ ነበረም በዐደን ካለው የእንግሊዝ ሹም ወደ ሐረር አሚር የተላከ የሚመስል ደብዳቤ በገዛ እጁ ጻፈ። ይኽን ኹሉ የሚነግረን ጠላቱ አይደለም፥ ራሱ ነው። መናገሩ በእውነት ያስመሰግነዋል። ነገር ግን የሚናገረው እንደ ኀጢአት ሳይኾን እንደ ጥበብ አድርጎ ነው።

በቅኔ ቤት ያደገ አንባቢ በዚኽ ስፍራ ቆም ማለቱ አይቀርም። አንዳንድ ሰዎች ሰምና ወርቅ ማለት መሸሸግ ማለት ይመስላቸዋልና፥ በርተንን ሲያነቡ ይኽ ሰው ነጋዴውን ሰም እንግሊዛዊውን ወርቅ አድርጎ ኼደ ይሉ ይኾናል። ይኽ ግን የቅኔን ባሕርይ አለማወቅ ነው። ሰም በራሱ እውነት ነው። ባለ ቅኔው በሰሙ ሙሴን ቢጠራ ሙሴ በእውነት ባሕር የከፈለው ሙሴ ነው፥ ወርቁ በወጣ ጊዜም ሙሴ ሐሰት አይኾንም። ደግሞም ሰም የሚሠራው እንዲቀልጥ ነው፤ ባለ ቅኔው ሰሙን ሲያቀርብ ሰሚው ያቀልጠው ዘንድ ይጠብቃል፥ የቀለጠም እንደ ኾነ ተቀኚውም ሰሚውም በአንድነት ደስ ይላቸዋል። የበርተን ሰም ግን እንዳይቀልጥ የተሠራ ነው፤ ቢቀልጥ ያሠሪውን አንገት የሚያስቈርጥ ነበርና። በመንገድ ላይ የፊቱ መልክ ሲያቀልጥበትም ከውስጡ ወርቅ አልወጣም፥ ሌላ ሰም ወጣ፤ ነጋዴውን አውልቆ መልእክተኛውን ለበሰ። ስለዚኽ ይኽን መጽሐፍ በማስተዋል የሚያነብ ሰው የበርተን ወርቁ ወዴት ነው ብሎ መፈለግ ይገባዋል። ወርቅ የለውም ማለትም አይቻልም። ጥቂት ነው፥ ከብዙ ዐፈር ጋር ነው፥ ግን አለ።

በፊት ግን «ብቻውን» ስለሚለው ቃል ይነገር። የአውሮፓ ሰዎች ስለ በርተን ሲጽፉ ብቻውን ወደ ሐረር የደፈረ ይሉታል። መጽሐፉን ገልጦ ስሞቹን የቈጠረ ሰው ግን ይኽ እንዳልኾነ ያያል። የዘይላ ገዢ ሐጂ ሸርማርኬ በቤታቸው አስቀመጡት፥ መሪና ጠባቂም ሰጡት። አል ሐማል የተባለው በዐደን በፖሊስ አገልግሎት የነበረ ሰው አብሮት ነበር። ረዥሙ ጉሌድ ነበር። አብዲ አቦክር የሚባል ወዳድ ነበር፥ በርተንም «የዘመን ፍጻሜ» የሚል የፌዝ ስም አወጣለት። ምግብ የሚያበስሉለት ኹለት ሴቶች ነበሩ፤ በርተን ስማቸውን ትቶ ከአንድ ሺሕ አንድ ሌሊት ተረት ሸኸረዛድና ዲናርዛድ ብሎ ሰየማቸው። የጊርሂ ባላባት ገራድ አዳን በተራራቸው ላይ አሳደሩት። ወደ ከተማይቱ በገባ ጊዜም ሐማልና ጉሌድ ከርሱ ጋራ ነበሩ። እንግዲኽ ብቸኝነቱ በወዴት ይገኛል? በብዕሩ ውስጥ ይገኛል። እነዚያ ሰዎች ጕዞውን ተሸከሙት፥ ታሪኩን ግን እርሱ ለብቻው ተሸከመ። ስምን መለወጥ ደግሞ ከዚኹ ነገር ወገን ነው። ሰውን በገዛ ስሙ የማይጠራ ጸሓፊ በዚያ ሰው ላይ የጌትነት ሥራ እየሠራ ነው፤ አዳም እንስሳቱን ስም ባወጣላቸው ጊዜ ጌታቸው ነበርና። ሸኸረዛድ የተባለችው ሴት ራስዋን በዚያ ስም ጠርታ አታውቅም። ያበሰለችው ግን እውነተኛ ምግብ ነው፥ የበላውም እውነተኛ ሰው ነው።

ወደ በሩ በደረሱ ጊዜ የሚኾነው ነገር ግን የመጽሐፉ ወርቅ ነው። ረዥም በትር የያዘ በረኛ አገኙ፤ ከዐደን የመጣን ነን፥ ከአሚሩ ፊት እንድንቀርብ ይፈቀድልን ብለው ላኩት። እስኪመለስ ድረስ በግንቡ ክብ ማማ ሥር ተቀመጡ። የከተማይቱም ወንዶችና ሴቶች መጥተው አዩዋቸው፥ ጠየቋቸው፥ ሣቁባቸው። በዚኽ ገጽ ላይ በርተን የሚያይ ሳይኾን የሚታይ ነው፤ ሌላውን ሲመረምር የኖረ ሰው በበር ተቀምጦ ተመረመረ። ከዚያም ተፈቀደላቸውና ገቡ። መሣሪያህን አስረክብ ቢሉት እንቢ አለ። ወደ አሚር አሕመድ ቢን አቡበክር ፊት በገባ ጊዜ አንድ ወጣት፥ በሕመም የገረጡ፥ ከፍ ባለ አልጋ ላይ ተቀምጠው አገኘ፤ በግድግዳውም ላይ ጠመንጃና የሚያብለጨልጭ የእግር ብረት ተሰቅሎ ነበር። በርተን በእጃቸው ላይ ጐንበስ አለ፥ ዳሩ ግን አልሳመም፤ ስለዚኽም በመጽሐፉ ቀልድ ይቀልዳል። አሚሩ ፈገግ ባሉ ጊዜ የበርተን ልብ እንዴት እንደ ተመለሰ አንባቢው ያውቀዋል፤ ጸሓፊው ፍርሃቱን ለመሸሸግ ቢጥርም በዚያ ክፍል አረፍተ ነገሮቹ ያጥራሉ፥ ቀልዱም ይቀንሳል። ይኽ ክፍል ያለ ማጋነን ከመልካም የመንገድ ጽሑፎች አንዱ ነው ቢባል ይገባል።

አሚሩም ቢኾኑ በአንድ ነገር ሊመሰገኑ ይገባል። ክርስቲያን ወደ ሐረር በገባ ጊዜ ከተማይቱ ትወድቃለች የሚል ትንቢት እንደ ነበረ በርተን ራሱ ይጽፋል። ትንቢቱ በአፍ የሚነገር ሲኾን፥ የእግር ብረቱም በግድግዳ ተሰቅሎ ሳለ፥ አሚሩ እንግዳውን ተቀበሉት፥ ማደሪያ ሰጡት፥ በዐሥረኛውም ቀን በሰላም አሰናበቱት። ከዐደን ጋር ያለው ንግድ እንዳይበላሽ ፈልገው ነው የሚሉ አሉ፤ ይኹን። መንግሥት የያዘ ሰው ስለ ንግድ ማሰቡ ጥፋት አይደለም። አሚሩ በሚቀጥለው ዓመት ሞቱ፤ ስለዚኽ እንግዳ ምን እንዳሰቡ ከበርተን በቀር የነገረን የለም፥ በርተንም አስመሳይ እንደ ነበረ በገዛ አፉ መስክሯል። ሐረርን አስቀድሞ የወሰደው ደግሞ ክርስቲያን አልነበረም። በርተን ከወጣ ኻያ ዓመት በኋላ በ1875 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር የግብፅ ጦር ያዛት፤ እስከ 1885ም ገዛት፤ በጨለንቆ ጦርነት ድል ከኾነ በኋላ በ1879 ዓመተ ምሕረት ዳግማዊ ምኒልክ ወሰዷት።

ስለ ከተማይቱ የጻፈውን በኹለት መክፈል ይገባል። ልኩንና ቍጥሩን፥ መንገዱንና ንግዱን ሲናገር የሚታመን ሰው ነው። የግንቡን ርዝመት አንድ ማይል፥ ወርዱን ግማሽ ማይል ያህል ይገምታል፤ ሕዝቡን 8,000 ያህል ይላል፤ አምስቱን በሮች ያነሣል፤ ቡናውንና ጫቱን አይዘነጋም፤ መስጊዶቹ ብዙዎች ግን ያለ ሚናራ እንደ ኾኑ፥ መቃብሮቹም ብዙ እንደ ኾኑ ይጽፋል። ዛሬም በጀጎል ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ መቃብሮች ይቈጠራሉ፥ በዚኹም ምክንያት ግንቡና በውስጡ ያለው ከተማ በ2006 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። በሸዋ በርና በቡዳ በር፥ በኤረር በርና በሰንጋ በር፥ በፈላና በርም የሚወጣና የሚገባ ሰው የበርተንን መጽሐፍ ይዞ ቢዞር መንገድ አይጠፋበትም።

ሰውን ሲፈርድ ግን አይታመንም። የሕዝቡን መልክ፥ ድምፅ፥ ጠባይ በዐሥር ቀን ውስጥ መረመርኹ ብሎ በንቀት ይደመድማል። ዐሥር ቀን! በቅኔ ቤት አንድ ጕባኤ ቃና በቅጡ ለመዝረፍ እንኳ የማይበቃ ጊዜ ነው። ዐሥሩም ቀን የተቈጠረው በአሚሩ ቤት አጠገብ፥ ዘበኛ እያየው፥ ነፍሱ እየሠጋች ነው። የሠጋ ሰው ፊት ኹሉ ክፉ ይመስለዋል። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሼኽ ጃሚን ከመሰለ ሊቅ ጋር ተገናኝቶ እንዴት እንደ ተጫወተ ሲጽፍ ቃሉ ይለወጣል፤ በሊቁ ፊት ፍርሃቱ ስለ ቀለለው ንቀቱም አብሮ ቀለለ።

ከመጽሐፉ መጨረሻ የተጨመረው የሐረሪ ቋንቋ ሰዋስውና የቃላት መዝገብ ልዩ ነገር ይገባዋል። ብዙ አንባቢ ጀብዱውን አንብቦ ይኽን ሳይገልጥ መጽሐፉን ይዘጋል፥ ለግዕዝ ተማሪ ግን የሚበልጠው ይኽ ነው። ጌይ ሲናን፥ ይኸውም የከተማ ቋንቋ ማለት ነው፥ ከግዕዝ ወገን የኾነ ቋንቋ ነው፤ ከስልጤም ጋራ ዝምድናው እጅግ ቅርብ ነው። የከተማው ሰው በሩን በሪ ይለዋል፥ ዐማርኛው በር እንደሚለው። ውሃውን ሚይ ይለዋል፥ ግዕዙ ማይ እንደሚለው። በግንቡ ውስጥ ብቻ ሲነገር የኖረ ቋንቋ ከግንቡ ውጭ ከሩቅ አገር ካለው ጋር እንዲኽ ሲመሳሰል ማየት ለሊቅ ሰው ደስታ ነው። በርተን የቃሉን መዝገብ ያገኘው ከጠርሙስ ቀድቶ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቃል ከአንድ የሐረር ሰው አፍ የወጣ ነው። ይኽን ያኽል ቃል የሰጠ ሕዝብ በፊተኛው ምዕራፍ እንደዚያ መሰደብ አይገባውም ነበር።

የመልሱ መንገድ ወደ በርበራ ነበር። በመጨረሻው አምስት ቀን በርተን ከጥቂት ሰዎች ጋር በበረሃ ላይ ገሠገሠ፥ ውሃም ታጣ። በዚኽ ክፍል ያለ ቀልድ ይጽፋል። ተስፋ በተቈረጠ ጊዜ አንዲት የበረሃ ወፍ ወደ ኮረብታው ስትበር አየ፤ ያች ወፍ በየቀኑ ሳትጠጣ እንደማትውል ያውቅ ስለ ነበረ ተከተላት፥ ምንጭም አገኘ። ኖኅ ርግቢቱን እንደ ላከ ኤልያስንም ቍራዎቹ እንደ መገቡ የሚያውቅ አንባቢ ይኽን ሲያነብ ያለ ማንም ማብራሪያ ይገባዋል። በርተን ግን ወፊቱን የሚያመሰግን ነገር ብቻ ተናግሮ ያልፋል፥ ስለ ላካት ምንም አይልም። ነገር ግን ይኽ ክፍል በመጽሐፉ ውስጥ ከኹሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም በዚያች ሰዓት መንገደኛው አንዳች ነገር ስለ መግዛት፥ ስለ መምሰል፥ ወይም ስለ ማሸነፍ አያስብም፤ የሚያስበው ስለ ውሃ ነው። አንድ ነገር ብቻ የሚፈልግ ሰው እውነቱን ይጽፋል።

ከዚኽ ጋር አንድ ሌላ የሐረር እንግዳ ማስተያየት ይጠቅማል። የፈረንሳዩ ባለ ቅኔ ሬምቦ በ1880 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ወደ ሐረር መጥቶ፥ እየወጣና እየተመለሰ እስከ 1891 በንግድ ኖረ። ዐሥር ቀን የተቀመጠው ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ፤ ብዙ ዓመት የኖረው ስለ ከተማይቱ መጽሐፍ አልጻፈም፥ ደብዳቤ ብቻ ላከ፥ በደብዳቤውም መሰልቸቱን አበዛ። ስለ ኦጋዴን ግን አንድ አጭር ጽሑፍ አዘጋጅቶ ነበርና በ1884 የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር አሳተመው። ያን አገር ረግጦ ወሬውን ያመጣው ባልንጀራው ሶቲሮ የሚባል ግሪካዊ ነው፤ ሬምቦም ይኽን በጽሑፉ ውስጥ አልሸሸገም፥ ስሙን ጠርቶ ተናገረ። ጽሑፉ ደረቅ ነው፥ እንደ በርተን አያስቅም አያስደነግጥም። በአንድ ነገር ግን ከበርተን ይበልጣል፤ ያልኼደበትን መንገድ ኼድኹ አላለም።

አኹን ወደ ሞተር ቢስክሌቱ ሰዎች እንመለስ ቢባል፥ ከነርሱ መካከል የሚመሰገን መኖሩን መናገር ይገባል። ቴድ ሳይመን የተባለ እንግሊዛዊ በ1973 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ትራያምፍ በሚባለው ሞተር ቢስክሌት ተነሥቶ በአራት ዓመት ዓለምን ዞረ፤ በዚያም ጕዞ ኢትዮጵያን አልፎባታል፥ መጽሐፉንም በ1979 አሳተመ። የርሱ መጽሐፍ ከብዙዎቹ የሚለየው መኪናው በተበላሸበት ስፍራ ስለሚበረታ ነው። ሞተሩ እየዞረ ሳለ ሰው ኹሉ በጐኑ ያልፋል፤ ሞተሩ ሲቆም ግን የማያውቀው ሰው ይመጣል፥ ብረት ይፈልግለታል፥ ሻይ ያፈላለታል፥ መጽሐፉም የዚያን ጊዜ ሕይወት ያገኛል። ደካሞቹ መጻሕፍት ይኽን አይረዱም። በነርሱ ዘንድ ሞተሩ ባልንጀራ ይኾናል፥ ሰዎቹ ግን ነዳጅ የሚቀዱ እጆች ብቻ ይኾናሉ። የኪሎሜትር ብዛት ይቈጠራል። የሰሜኑ ሕዝብ ሳሚ ከነልብሱ በአንድ ፎቶግራፍ ይታያል፥ ስሙ አይነገርም፥ ያለውም አይሰማም።

በዚኽ አገር ከቶ ብቸኛ መንገደኛ አልነበረም እንዳይባል የቅኔ ተማሪውን ማሰብ ነው። ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቦ፥ በትሩን ይዞ ከዋድላ ወደ ጎንጅ፥ ከጎንጅ ወደ ዋሸራ የሚኼደው ልጅ ባልንጀራ የለውም፥ በቅሎም የለውም። ውሻ ይነክሰዋል። በየደጁ ቆሞ በእንተ ስማ ለማርያም ይላል፤ ሲሰጡት ይበላል፥ ሲከለክሉት ወደ ቀጣዩ ደጅ ይኼዳል። በርተን ለመግባት የሐሰት ደብዳቤ አስፈለገው፤ ተማሪው ደብዳቤ የለውም፥ ማንም ሳይጠይቀው ተርቤያለኹ ብሎ ይናገራል፥ ሰውም ከነድኽነቱ ያስገባዋል። ይኽ ነው በመንገደኛና በመንገደኛ መካከል ያለው ልዩነት። ግን መታወቅ ያለበት ደግሞ አለ። ተማሪው ይኽን ጕዞ ኹሉ ኼዶ ሲያበቃ አይጽፈውም። ያደረበትን ቤት፥ የተከለከለበትን ደጅ፥ ያበላችውን አሮጊት ስም በቃል ይዞት ይሞታል። ትሕትና ነው የሚሉ አሉ፤ ከፊሉ እውነት ነው። ከፊሉ ግን ስንፍና ነው፥ ከዚኽም የተነሣ ዓለም የዚኽን አገር መንገድ የሚያውቀው ከበርተንና ከመሰሎቹ ብቻ ኾነ።

ከመንገዱ የተጻፈለት ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በሮም ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋወቁና በ1652 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር የጎታው መስፍን ኤርንስት ጠርተዋቸው ወደ ጀርመን ኼዱ። ሰሜን ሲባል ለዚያን ጊዜ ሰው ይኽ ብዙ ነበር። በዚያም ለሉዶልፍ ዐማርኛንና ግዕዝን፥ የአገሩንም ታሪክና ሥርዐት አስረዱት፤ ሉዶልፍም በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ያወቀውን ከማን እንዳወቀ ሳይሸሽግ የአባ ጎርጎርዮስን ስም በክብር አነሣ። ከዚያ መጽሐፍ የአባ ጎርጎርዮስ ድምፅ እስከ ዛሬ ይሰማል። አባ ጎርጎርዮስ ግን ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 በባሕር ላይ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ፤ ስለ ጎታ ብርድ፥ ስለ መስፍኑ ቤት፥ ስለዚያ አገር ሰው ጠባይ በገዛ እጃቸው ሊጽፉ ይችሉ የነበረውን ባሕሩ ወሰደው።

የሐረሩም ነገር ከዚኽ አይርቅም። በርተን በግንቡ ሥር ተቀምጦ በጠበቀ ጊዜ ረዥም በትር የያዘው በረኛ ወደ አሚሩ ኼዶ ምን ብሎ ነገራቸው? ስንት ሰዎች ናቸው አለ፥ የመጡት በምን መልክ ነው አለ፥ ይግቡ ወይስ ይመለሱ ብሎ መከረ? ከርሱ ጋራ ሲሣቁ የነበሩት ሴቶች ማታ በቤታቸው በሐረሪ ምን ተጫወቱ? መጽሐፉ የበረኛውን በትር ይናገራል፥ ስሙን ግን አይናገርም።